ለሽማግሌዎቼ ብዬ ከፍ ያደረግኳት ፒክአፕ

ሰው ለማግባት ብሎ ብዙ ነገር ያደርጋል። አንዱ ሲጋራ ያቆማል፣ አንዱ ሆዱን ለመቀነስ ጠዋት ጠዋት በሐይቁ ዳር ይሮጣል፣ ሌላው እናቱ እንኳ የማታውቅበትን ጸሎተኛነት ድንገት ያመጣል። እኔ መኪናዬን ከፍ አደረግሁ። አትሳቁ፤ መሳቂያው ገና ነው።

ሀዋሳ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የአፈር ቤተ ሙከራ ቴክኒሻን ነኝ። ሥራዬ ከየወረዳው በላስቲክ ታስሮ የሚመጣ አፈር ማድረቅ፣ መንፋትና መመዘን ነው። ሚዛኔ የትንኝ ክብደት አይስትም። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም፤ በኋላ በጣቴ ለክቼ ጉድ ስሆን "ድሮም መለካት አያውቅም" እንዳትሉኝ ብዬ ነው።

ንብረቴ አንዲት አሮጌ ደብል ጋቢና ፒክአፕ ናት። ከእኔ በፊት አራት ባለቤት አሳልፋለች፤ አንዳቸውም በሰላም የተለዩዋት አይመስለኝም። ሲያሻት በቁልፍ ትነሳለች፣ ሲያሻት ተገፍታ ትነሳለች። ከንብረቴ ውጭ ያለኝ መልካም ነገር ምህረት ናት። ፒያሳ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ ነገር ስትናገርም የመድኃኒት አወሳሰድ እንደምታስረዳ ነው፤ አጭር፣ ግልጽ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። "ሽማግሌ መቼ ነው የምትልከው?" እያለች በቀን ሦስት ጊዜ ስትጠይቀኝ ከረመችና፣ አንድ ቀን "የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ" ብዬ ተገላገልኩ።

"መንገዱን ግን አስብበት" አለችኝ።

ወላጆቿ የሚኖሩት ሲዳማ ደጋው ላይ ነው፤ ከሀዋሳ የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ። ከሁለት ዓመት በፊት ለታላቅ እህቷ የመጡት ሽማግሌዎች የተከራዩት መኪና ከመንደሩ በታች ጭቃ ላይ ቀረ። ሦስት የተከበሩ አዛውንት እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው፣ አንደኛው የአንድ እግር ጫማቸውን ለወንዙ አስረክበው ደረሱ። የምህረት አባት አቶ ላንቃሞ እግራቸውን አስታጥበው በክብር መለሷቸው። "ሽማግሌዎቹን በደህና ማድረስ ያልቻለ ሰው፣ ልጄን የት ሊያደርሳት ነው?" አሉ ይባላል። እህቷ ዓመት ሙሉ ጠበቀች።

"እኔ ዓመት አልጠብቅም" አለች ምህረት። ሠርጉን ይሁን እኔን ደፍሬ አልጠየቅኳትም።

በማግስቱ መንገዱን ልሰልል ብቻዬን ወጣሁ። ጭቃ የለም፤ ጠጠር ለብሷል። ደስ ብሎኝ እያፏጨሁ ስነዳ፣ መንደሩ ሊደረስ አንድ ኪሎ ሜትር ሲቀረው፣ መንገዱ መሐል አንድ ድንጋይ ተቀምጦ አገኘሁ። በግራ ቦይ፣ በቀኝ የእንሰት አጥር፤ መሸሻ የለውም። ጎማዎቼን ግራና ቀኝ አድርጌ ቀስ ብዬ በላዩ ልለፍ ስል የመኪናዋ ሆድ "ጓ!" አለ። ወርጄ ድንጋዩን ገፋሁት፤ እሱም በበኩሉ ታዘበኝ እንጂ አልተነቃነቀም። ደግሞስ በሰው አገር፣ ያውም ነገ አማት በሚሆኑ ሰዎች አገር፣ ድንጋይ ሲፈነቅሉ መገኘት ምን የሚሉት መግቢያ ነው? ሜትር አልያዝኩም ነበርና ተንበርክኬ በጣቴ ለካሁ። መኪናዋ አራት ጣት ከፍ ብትል ታልፋለች።

አራት ጣት። ይህችን ልኬት ያዙልኝ።

በአገራችን መኪና ያለው ሰው ሁሉ መካኒክ ነው፤ መኪና የሌለው ደግሞ ዋና መካኒክ። ጓደኛዬ በረከት መኪና የለውም። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ፊዚክስ ያስተምራል። ሐሳቤን ስነግረው ፒያሳ ካፌ ውስጥ ከማኪያቶው ሥር ሶፍት ስቦ አወጣና መኪናዬን ይስል ጀመር፤ ስሎ ሲጨርስ ፍየል ትመስል ነበር።

"ከፍ ያለ ነገር ይወድቃል" አለኝ።

"ፎቅስ?"

"ፎቅ ኩርባ አይዞርም።"

ምክሩን ትቼ ለሦስት ቀን በስልኬ ቪዲዮ አየሁ። አንድ ጺማም ፈረንጅ በረሃ መሐል ቆሞ፣ "ብር ከማውጣትህ በፊት መኪናህን ለምን እንደምትፈልጋት ራስህን ጠይቅ" ይላል። ጠየቅሁ። ለሦስት ሽማግሌና ለአንድ ድንጋይ። ፈረንጁ ስለ ሽማግሌ ያለው ነገር አልነበረም። መኪና ከፍ የሚያደርገውን፣ ከሞላ (ከጥቅልሉ ብረት) እስከ አሞርዛተር (ንዝረት ማብረጃው) የተሟላውን ዕቃ አዲስ አበባ ደውዬ ጠየቅሁ። ሻጩ ዋጋውን ሲነግረኝ የዕቃው ሳይሆን የሙሉ መኪና ዋጋ መስሎኝ፣ "ከነጎማዋ ነው?" አልኩት። ሳቀና ዘጋው።

ስለዚህ ወደ ጋሽ አየለ ሄድኩ። ጋሽ አየለ ጋራዥ ያላቸው አንጋፋ መካኒክ ናቸው፤ ብዙ አያወሩም፣ የሚያወሩትንም ከመኪና ሥር ሆነው ነው። ጋራዣቸው ጥግ ላይ የአንድ ያረጀ የጭነት መኪና ባሌስትራ ተጋድሟል። ባሌስትራ ማለት ከኋላ ጎማ በላይ ተደራርበው የሚታሰሩት፣ መኪናዋን የሚሸከሙት ንብርብር ብረቶች ናቸው።

"ይሄን ከኋላ እናስራለን" አሉኝ። "ከፊት ደግሞ ሞላው ላይ ቶርኖ ቤት አስቀርጸን ከፍ ማድረጊያ ብረት እንከትበታለን። ዋጋው አይጎዳህም።"

"ባሌስትራው ግን ይመቻል?"

"አይሰበርም።"

"አይደለም፣ ለተሳፋሪ ይመቻል ወይ?"

"አይሰበርም አልኩህ እኮ!"

"ምን ያህል ከፍ ላድርጋት?" ሲሉኝ አራት ጣቴን አሳየኋቸው። እሳቸውም አራት ጣታቸውን አሳዩኝ። ተስማማን። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ በሚዛን የሚኖር ሰው በጣት የሞተው። የጋሽ አየለ ጣት አርባ ዓመት ቡሎን ሲፈታ የኖረ ጣት ነው፤ አራቱ ሲደመሩ የእኔን ሰባት ያህላሉ። እሳቸው ደግሞ ጠንቃቃ ሰው ናቸውና "ለመተማመኛ" ብለው አንድ ጣት ጨመሩበት።

ልወስዳት ስመጣ ጋራዡ በር ላይ ቆማ አየኋት። አየኋት ከምል አንጋጠጥኳት ብል ይሻላል። መሪው ጋ ለመድረስ መጀመሪያ የበሩን እጀታ፣ ቀጥሎ መቀመጫውን፣ በመጨረሻ የእግዚአብሔርን ስም መያዝ ነበረብኝ።

"ትንሽ አልበዛም?" አልኳቸው።

"ይወርዳል። ዕቃ ሲጫንባት ይወርዳል" አሉ ጋሽ አየለ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ።

በረከት ሲያያት በዙሪያዋ ሁለቴ ዞረ። ከዚያ "ሳይንሳዊ ፈተና እናድርግላት" ብሎ አሞራ ገደል ወሰደኝ። ከዓሣ ገበያው አንድ ሳህን ሙሉ የዓሣ ሾርባ ገዝቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠና "ንዳ" አለኝ። ሾርባው ሳይፈስ ከዳር እስከ ዳር ከደረሰ መኪናዋ ሽማግሌ ትጭናለች ማለት ነው። የመጀመሪያዋን ጉድጓድ ስንነካ ሾርባው ተነስቶ ጣሪያው ላይ ዓረፈ። ዓሣው የበረከት ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ገባ። ሳህኑ ብቻ እጁ ላይ ቀረ። ስንቆም ሽታው የጠራው አንድ አባ ኮዳ፣ ያ ረጅሙ ወፍ፣ አንገቱን እንኳ ሳይሰብር በመኪናዋ ሥር ገብቶ በወዲያ በኩል ወጣ።

"ውጤት?" አልኩት በረከትን።

"ሽማግሌ ከምትልክ ደብዳቤ ላክ" አለኝ ሸሚዙን እያራገፈ።

ወደ ጋሽ አየለ ተመለስኩ። "ነግሬህ የለ? ባሌስትራው የጭነት ነው፣ ጭነት ይፈልጋል። አሸዋ ጫንባት፣ እንደ አልጋ ትሆናለች" አሉኝ። አሸዋ በኩንታል ጫንኩባት፤ እውነትም እንደ አልጋ ሆነች። ወርጄ ከሥሯ ስለካ ግን ልክ ድሮ የነበረችበት ቦታ ተመልሳለች።

"ጋሽ አየለ፣ ታዲያ እኔ ምን ተጠቀምኩ?"

"ምቾት" አሉኝ።

ከፍታም ምቾትም አንድ ላይ የሚገኘው ያ አዲስ አበባ ያለው ሻጭ ጋ ብቻ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። መምረጥ ነበረብኝ። ሽማግሌዎቹ ቢንገጫገጩ ይሻላል ወይስ ድንጋዩ ላይ ቢቀሩ? አሸዋውን አራገፍኩ።

ሽማግሌዎቼ ሦስት ናቸው። ዋናው አከራዬ ጋሽ ደምሴ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ቁመታቸውና ንግግራቸው ረጅም የሆነ። ሁለተኛው አቶ ማርቆስ፣ ምህረት የምታመልክበት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ደልደል ያሉ። ሦስተኛው የሰፈራችን ባለሱቅ ሐጂ ሸምሱ፣ ቀጠን ያሉ፣ ይሉኝታ የሚገድላቸው። የእኔ ወላጆች ሩቅ ናቸውና አባትም አጎትም እነሱ ነበሩ።

በወጉ ጠያቂው ከሽማግሌዎቹ ጋር አይሄድም። ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን ይበላል። ስለዚህ ሹፌር ቀጠርኩ። ሹፌሩ ዋዜማውን ፒክአፗን ፒያሳ አንዴ አዞራትና ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠ። "ወንድሜ፣ ልጆች አሉኝ" አለኝ። ሌላ ሰው ለመፈለግ ጊዜ አልነበረም። የእሷን ጠባይ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

"እንግዲያው ኮፍያ አድርግ" አሉ ጋሽ ደምሴ ቅዳሜ ጠዋት። "ሹፌር ነህ። ከመኪናው አትወርድም፣ አፍህንም አትከፍትም። ማንነትህ ከታወቀ ነውር ነው፤ ነገሩም ተበላሸ ማለት ነው።"

የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ መወጣጫ አደረግሁላቸው። ጋሽ ደምሴ በራሳቸው ወጡ። ሐጂ ሸምሱን እኔ ደገፍኳቸው። አቶ ማርቆስን እኔ፣ የሰፈሩ ዘበኛና አንድ መንገደኛ ተባብረን አስገባናቸው። ሳጥኑን ኋላ ላይ ወርውሬ ተነሳን።

ስለ መንገዱ ብዙ ባልናገር ደስ ይለኛል። አስፋልቱ ሲያልቅ የጋሽ ደምሴ ባርኔጣ ከጣሪያው ጋር ተዋወቀ። አቶ ማርቆስ ከኋላ "ጌታ ሆይ!" ሲሉ ሐጂ ሸምሱ "ቢስሚላህ!" ይላሉ፤ ጉድጓዱ ከረዘመ አንድ ላይ ይላሉ። በሁለት በኩል እየተጸለየልኝ ስለነበር እኔ መንዳቴን ብቻ ያዝኩ።

ድንጋዩ ጋ ስንደርስ ማርሽ ቀነስኩ። አራት ሰዎች ረጃጅም አጣና ተሸክመው ከላይ እየወረዱ ነበር፤ ሲያዩን እጃቸውን እያወዛወዙ ጮኹ። "የሰው አቀባበል!" አልኩና ጥሩምባ እየነፋሁ በድንጋዩ ላይ አለፍኩ። አልነካኝም። ከሥሬ በግ ቢያልፍ አይነካኝም ነበር። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ የኮራሁበት ጊዜ የለም፤ ሰዎቹም አጣናቸውን እንደያዙ አፋቸውን ከፍተው ሲያዩኝ አድናቆት መሰለኝ።

አቶ ላንቃሞ ከአምስት ዘመዶቻቸው ጋር፣ ጋቢያቸውን ለብሰው በራቸው ላይ ቆመው ይጠብቁናል። ኮፍያዬን ወደ ዓይኔ ሳብኩ። ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ በሩን ከፈቱ፣ አንድ እግራቸውን ዘረጉ። እግሩ መሬት ፈለገ። አላገኘም። ወደ ግራ ፈለገ፣ ወደ ቀኝ ፈለገ፣ ተመለሰ።

"ሳጥኑ" አሉ በከንፈራቸው ብቻ።

ዞር ብዬ በመስኮቱ ኋላን አየሁ። ሳጥኑ የለም። ከአንዱ ጉድጓድ ላይ ሳንሰማው ዘሎ ወርዷል።

"የለም" አልኩ።

"እንዴት የለም?"

ሽማግሌ አይዘልም። ቢዘል ይወድቃል፤ ባይዘል መኪና ውስጥ ሆኖ ልጅ አይለምንም። አቶ ላንቃሞ ያዩናል፣ ዘመዶቻቸው ያዩናል፣ ከእንሰቱ ጀርባ ሴቶች ያዩናል። ሁለት ዓመት የተሳቀባቸው ባለጭቃ ሽማግሌዎች ትዝ አሉኝ። ጋሽ ደምሴ በሩን ሙጥኝ ብለው ይዘው አየኋቸው፤ የኪራይ ቀን አስታውሰውኝ የማያውቁ ሰው ናቸው፤ እንዲህ እንዲዋረዱ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ። አፈርኩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ያሰብኩ አይመስለኝም። በእኔ በኩል ዘልዬ ወረድኩ፣ ዞርኩ፣ በሩ ሥር በአራት እግሬ ተንበረከክሁ።

ዝናብ ዘንቦ ነበር። ሱሪዬ አዲስ ነበር።

ጋሽ ደምሴ በጀርባዬ ላይ ቆመው፣ "ይቅርታ ልጄ" ብለው በሹክሹክታ ወረዱ። ሐጂ ሸምሱ እምቢ አሉ፤ ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው፣ በካልሲ ረገጡኝ፣ ወርደው ጫማቸውን አጠለቁና ሸሚዜን አራገፉልኝ። አቶ ማርቆስ ሲመጡ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሚዛናቸውን ለመጠበቅ ጆሮዬን ያዙ፤ እኔም አልተቃወምኩም። ቀና ስል በዋዜማው ወላጆቿ ጋ የሄደችው ምህረት በቤቱ መስኮት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስራ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እያለቀሰች አልነበረም።

ሦስቱም ንጹሕ ሆነው ወደ ቤት ገቡ። እኔ ጭቃዬን ይዤ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ። አልቆልኛል ብዬ ነበር። ምህረት አትጠብቅም፣ ጋሽ ደምሴ አያናግሩኝም፣ ባሌስትራው ደግሞ አይሰበርም።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ አቶ ላንቃሞ ብቻቸውን ወጡ። በሻፌታ፣ በሲዳማው የሸክላ ገበታ፣ ቅቤ የጠጣ ቡርሳሜ፣ የቆጮ ምግባቸውን፣ ይዘዋል። በመስኮቱ ሊሰጡኝ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ፤ አልደረሱም። ወርጄ ተቀበልኳቸው።

"ሹፌር ነህ?" አሉኝ።

"አዎ አባቴ።"

"ሹፌር አይቻለሁ እኔ። ጥሩው በር ይከፍታል። ጀርባውን የሚያነጥፍ ግን አላየሁም።"

ኮፍያዬን አወለቅሁ። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

በመኪናዋ ዙሪያ ሄዱ፣ ሳያጎነብሱ ሥሯን አዩ፣ ተመለሱ። "ለምን እንዲህ ሰቀልካት?"

"ለድንጋዩ ነው።"

"የቱ ድንጋይ?"

"እዚያ ታች፣ መንገዱ መሐል ያለው።"

አቶ ላንቃሞ ፊታቸውን አዞሩ። ጋቢያቸው ትንሽ ተነቃነቀ። "እሱን እኮ እኛ ነን ያስቀመጥነው" አሉ። "የጭነት መኪና እየገባ የውኃ ቧንቧችንን ሰበረብን። ባለፈው ዓመት የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ ድንጋይ አቆመበት። እንግዳ ሲመጣ እናነሳዋለን። ዛሬም አራት ሰው አጣና አስይዤ ልኬ ነበር። 'ቁም ብንለው ጥሩምባ ነፋብንና በላዩ አለፈ' እያሉ አሁን መጡ።"

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር፤ ግን ሻፌታው እጄ ላይ ነው። "ብላ" አሉኝ። በላሁ። ሰው ሲያፍርም ይርበዋል ለካ።

"ሽማግሌዎቹ ቆመዋል" አሉ አቶ ላንቃሞ ወደ ቤቱ እያመለከቱ። "መልስ ሳንሰማ አንቀመጥም ብለዋል። ረጅሙ በደንብ ይናገራል። እኔ ከቤተሰብ ልማከር ብዬ ነው የወጣሁት።" ጎማውን በእግራቸው ነካ አደረጉ። "መኪናዋን ዝቅ አድርጋት።"

"እሺ አባቴ።"

"የምህረት እናት ጉልበቷን ያማታል። ልጇን ልትጠይቅ ሀዋሳ መውረዷ አይቀርም። አማቿን ረግጣ ደግሞ አትወጣም፤ በእኛ ነውር ነው።"

"አማቿን" ብለዋል። ሻፌታውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በትከሻዬ ያዙኝ።

"ዛሬ በቂ ተንበርክከሃል" አሉ። "ለሽማግሌዎቹ ግን ትንፍሽ እንዳትል። የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ልሰጣቸው ነው። ልጅ በአንድ ቀን አይሰጥም።" ፊታቸውን አኮሳትረው ወደ ቤት ተመለሱ።

ሽማግሌዎቼ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። ቤተሰቡ ባመጣው በርጩማ አንድ በአንድ ወጥተው ተቀመጡ። ድንጋዩ በክብር ተነስቶልን፣ አጣና የያዙት ሰዎች እየሳቁ እጃቸውን እያወዛወዙልን ወረድን።

"ቀጠሮ እምቢታ አይደለም፣ አይዞህ" አሉኝ ጋሽ ደምሴ፣ ጣሪያውን በእጃቸው ደግፈው።

"ሰብር ነው ልጄ፣ ትዕግሥት" አሉ ሐጂ ሸምሱ።

"እንጸልያለን" አሉ አቶ ማርቆስ።

ጋሽ ደምሴ ጥቂት አሰቡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እኔ የምፈራው ያንን መንበርከክህን ነው። ሰውዬው ፊቱን ያጠቆረው እሱን አይቶ ሳይሆን አይቀርም። እንግዲህ ምን ይደረግ፣ ለእኛ ብለህ ነው።"

እስከ ሀዋሳ ድረስ ሦስቱም ተራ በተራ አጽናኑኝ፤ እኔም ከንፈሬን ነክሼ፣ ያዘንኩ ለመምሰል የምችለውን ሁሉ እያደረግሁ ነዳሁ።